አስቀድሞ ጠይቆ ማስተማር፦ በመለወጥ ላይ ባለ ኅብረተሰብ ውስጥ ስለ ባህል፣ ስለ መገናኛ ብዙኃንና ስለ ትምህርት የሚደረግ ጥናት



በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ስለ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የተጻፈውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ ልብ የምንለው ጥምቀቱን ነው፤ ከጥምቀቱ በፊት የሆነውን ግን ፈጥነን እናልፈዋለን። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው በቀረበ ጊዜ ስብከቱን ወዲያው አልጀመረም። በመጀመሪያ ሰውዬው የሚያነበውን ሰማ፤ ቀጥሎም ያነበበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ከዚያም ተጋብዞ በሠረገላው ላይ አብሮት ተቀመጠ። ትምህርቱንም የጀመረው ጃንደረባው ከደረሰበት ከዚያው ከነቢዩ ኢሳይያስ ቃል ነበር። መስማት፣ መጠየቅ፣ አብሮ መቀመጥ፣ ከዚያ በኋላ ማስተማር፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። እኛ ግን ስንት ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን!

በየቁምስናችን «ወጣቱ ከቤተ ክርስቲያን ራቀ፣ ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ፣ አሁን ደግሞ የእጅ ስልኩ ልጆቻችንን ወሰደብን» የሚል ሮሮ እንሰማለን። ሮሮው ባዶ አይደለም። ይሁን እንጂ ምን ያህሉ በእርግጥ ጠይቀን የደረስንበት፣ ምን ያህሉስ ከራሳችን ግምት የመጣ ነው? በዚህ ትምህርት ማኅበራዊ ጥናት ምን እንደ ሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ እርሱ ምን እንደምታስተምር፣ ከአገራችን የቅርብ ታሪክ ምን እንደምንማር፣ በመጨረሻም በቁምስና ደረጃ እንዴት ልንጠቀምበት እንደምንችል በአጭሩ እንመለከታለን።

1. ማኅበራዊ ጥናትና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ማኅበራዊ ጥናት ማለት ሰዎች በኅብረት ሲኖሩ እንዴት እንደሚያስቡ፣ ምን እንደሚያከብሩ፣ ምን እንደሚተዉና ስለ ምን እንደሚተዉት በግምት ሳይሆን በሥርዓት ጠይቆና ተመልክቶ ማወቅ ነው። መንገዱ ልዩ ልዩ ነው፤ በጽሑፍ መጠይቅ ይደረጋል፣ በቃል ይጠየቃል፣ በቡድን ይወያያሉ፣ ከሕዝቡ ጋር እየኖሩ ይመለከታሉ፣ የቆዩ መዛግብትንም ይመረምራሉ።

«እኛ የሚያስፈልገን ጸጋና ጸሎት ነው፤ ጥናት የዓለማውያን ሥራ ነው» የሚል ወገን አይጠፋም። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ አባቶች ግን እንዲህ አላሰቡም። እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. በወጣው፣ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ስላላት ስፍራ በሚናገረው ሰነድ ቍጥር 62 ላይ፣ በሐዋርያዊ ሥራ ከነገረ መለኮት መሠረተ ሐሳቦች ጋር የዓለማዊ ሳይንሶች ግኝቶች፣ በተለይም የሥነ ልቦናና የሥነ ማኅበረሰብ፣ በሚገባ ሊታወቁና ሊሠራባቸው እንደሚገባ አስተምረዋል። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛም እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ የየአገሩ ክርስቲያን ማኅበረሰብ የራሱን አገር ሁኔታ በጥሞና መርምሮ በወንጌል ብርሃን እንዲያየው አደራ ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. ስለ መገናኛ ብዙኃን በወጣው የቅድስት መንበር ሰነድ ደግሞ፣ የየሀገረ ስብከቱ የመገናኛ ዕቅድ ከመነደፉ በፊት የሕዝቡ ፍላጎት አስቀድሞ እንዲጠና ታዟል።

ይህ አካሄድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 ዓ.ም. ዓድዋ በደረሱ ጊዜ አስቀድመው የያዙት የአገሩን ቋንቋ መማርና የሕዝቡን ልማድ ማወቅ ነበር። ደቀ መዝሙራቸው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልም እውነትን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም የተጓዙ፣ መጻሕፍትን የመረመሩና ሊቃውንትን የጠየቁ መነኩሴ ነበሩ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ በሕይወታቸው ፈጸሙት።

2. ሰሙን ወርቅ እንዳንለው

በአገራችን ባህልና ሥልጣኔ ላይ ከተደረጉት ማኅበራዊ ጥናቶች ብዙ ከተነገረላቸው አንዱ የአሜሪካዊው የሥነ ማኅበረሰብ ሊቅ የዶናልድ ሌቪን ሥራ ነው። ሊቁ በመንዝ ከገበሬው ጋር ኖሮ፣ በከተማም የዘመናዊ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ጠይቆ የደረሰበትን እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. «ሰምና ወርቅ» በሚል ርእስ አሳተመ። ርእሱን የወሰደው ከቅኔያችን ነው። የላይኛው ቃል ሰም ነው፤ በውስጡ የተሠወረው ምስጢር ወርቅ ነው። ሌቪን ይህ ልማድ ከቅኔ ቤት አልፎ በዕለታዊ ንግግርና በሰዎች ግንኙነት ውስጥ እንደሚገኝ ተመለከተ። ዘመናዊው ቢሮና ትምህርት ቤት ግልጽና አንድ ትርጕም ያለው ቃል ሲፈልጉ፣ ባህሉ ግን በተሸፈነ ቃል መናገርን እንደ ጥበብና እንደ ጨዋነት እንደሚቈጥር አሳየ።

በሥራው ላይ ኢትዮጵያውያን ምሁራን ተከራክረውበታል፤ የአንዱን ሕዝብ ባህል የአገሪቱ ሁሉ ባህል አድርጎ ማየት እንደማይገባም ተነግሯል። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. ባሳተመው «ታላቋ ኢትዮጵያ» በተባለው መጽሐፉ ልዩ ልዩ ሕዝቦች በአንድነት የፈጠሩትን ታሪክ አጕልቶ ጽፏል። አንድ ጥናት የመጨረሻ ቃል አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ለእኛ የሚጠቅመን ዋናው ነጥብ ግን ይህ ነው። በብዙ አካባቢያችን ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል ቤቱ በኀዘን ተሞልቶ እንኳ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ካህኑ ወይም ካቴኪስቱ ወደ ቤት ገብቶ «በቤተሰብ ትጸልያላችሁን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የቤቱ እመቤት «አዎን አባ፣ እንጸልያለን» ከማለት በቀር ምን ትላለች? ይህ ሐሰት መናገር ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም፤ እንግዳን ማክበርና የቤትን ገመና መሸፈን ጭምር ነው። ይህንን ሰም ወርቅ ነው ብሎ በመዝገብ የሚያሰፍር ጠያቂ ግን ራሱን ያታልላል። ወርቁ የሚገኘው በአንድ ጥያቄ ሳይሆን በቡናው ዙሪያ ቆይቶ፣ አብሮ አዝኖና አብሮ ሠርቶ ነው።

3. ከትምህርት ታሪካችን ሦስት ምሳሌዎች

የመጀመሪያው ምሳሌ የ1964 ዓ.ም. የትምህርት ሴክተር ሪቪው የሚባለው ጥናት ነው። በዘመኑ የነበረው ችግር እውነተኛ ነበር። ትምህርት ቤት የሚገባው ሕፃን ጥቂት ነበር፤ ትምህርት ቤቶቹም በከተሞች የተከማቹ ነበሩ፤ የገጠሩ ልጅ ተረስቶ ነበር። ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ባለሙያዎች ተሰብስበው አጠኑ፤ ለሁሉ የሚዳረስ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ትምህርቱም ከገጠር ኑሮና ከሥራ ጋር እንዲያያዝ አሳቡን አቀረቡ። አሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ ለድኻው የሚያደላ ነበር።

ነገር ግን ሰነዱ ለረጅም ጊዜ ለሕዝብ ሳይገለጽ ቆየ። ወሬው በወጣ ጊዜ ወላጁ «የድኻ ልጅ በአራተኛ ክፍል ይቁም፣ የባለጸጋው ይቀጥል ተባለ» ብሎ ተረዳው፤ መምህራንም የሥራቸውንና የኑሯቸውን ነገር ሳይጠየቁ የተወሰነባቸው መሰላቸው። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። በዚያው የካቲት የተቀሰቀሰው የሕዝብ ቍጣ ከዚህ ሌላ ብዙ ምክንያት እንደ ነበረው እናውቃለን፤ ያ ጥናት ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ሆነ። ሕዝብን ለመጥቀም የተደረገ ጥናት ሕዝብን ባላሳተፈ ጊዜ በሕዝብ ዘንድ ጠላት ሆኖ እንደሚታይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ሁለተኛው ምሳሌ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ጎልማሶችን ፊደል አስቈጠረ፤ ለአገሪቱም ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። ትምህርቱ እያደር እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ የተጻፈውም በግእዝ ፊደል ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ወሰነ፤ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ሐዲይኛና ሌሎችም በላቲን ፊደል ይጻፉ ጀመር።

የትኛው ፊደል ይሻላል የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጕዳይ አይደለም። ካቴኪስቶቻችን ግን አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንወዳለን። በደቡብና በምዕራብ ባሉ ብዙ ቤቶች አባት በዘመቻው ያወቀው የግእዝን ፊደል ነው፤ ልጅ በትምህርት ቤት ያወቀው የላቲንን ነው። ሁለቱ በአንድ ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ አንድ ገጽ ግን አብረው ለማንበብ ይቸገራሉ። የጸሎት መጽሐፉ በአባት ፊደል፣ የልጁ ደብተር በሌላ ፊደል ሲሆን በቤተሰብ መካከል ቃለ እግዚአብሔርን አብሮ የማንበብ ልማድ እንዴት ይዳብራል? ልጁ መጽሐፉን ሳይከፍት ሲቀር «ሰነፈ፣ እምነቱ ቀዘቀዘ» እንል ይሆናል። የችግሩ ሥር ግን ከልቡ ሳይሆን ከፊደሉ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚገልጽልን ቍጣ ሳይሆን ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ መገናኛ ብዙኃንና ትምህርት የተገናኙበት ነው። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ፣ «ፕላዝማ» ተብሎ የሚታወቀው የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ዓላማው በሩቅ ወረዳ ያለው ተማሪ ከአዲስ አበባው እኩል ትምህርት እንዲያገኝ ነበር። በየክፍሉ ገብተው የተመለከቱ አጥኚዎች የጻፉት ግን ሁለት ገጽ ያለው ነው። በአንድ በኩል ተማሪው ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የሳይንስ ሙከራን በዓይኑ ለማየት ቻለ። በሌላ በኩል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲፈስ ብዙው ተማሪ ሊከተለው አልቻለም፤ ቴሌቪዥኑ ተማሪው ባይገባው አይቆምም፣ ፊቱን አይቶ አይመለስም፤ መምህሩም በገዛ ክፍሉ እንደ እንግዳ ቆሞ የሚመለከት ሆነ። መሣሪያ መምህርን ሊረዳ እንጂ ሊተካ እንደማይችል ይህ በግልጽ ያሳየናል። ስብከትንና መዝሙርን በስልክ ብቻ ማድረስ እንደሚበቃ ለሚያስቡም ማስጠንቀቂያ ነው።

4. አዲሱ አደባባይ

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ አቴና በገባ ጊዜ በከተማይቱ ተመላልሶ የሚያመልኩትን ተመለከተ፤ ለማይታወቅ አምላክ የተሠራውን መሠዊያም አገኘ፤ በአርዮስፋጎስ የተናገረውም ከዚያ ተነሥቶ ነበር (የሐ. ሥራ 17)። ር.ሊ.ጳ. ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ1990 ዓ.ም. ስለ ስብከተ ወንጌል በጻፉት መልእክት የመገናኛውን ዓለም የአዲሱ ዘመን የመጀመሪያው አርዮስፋጎስ ብለው ጠርተውታል። መልእክታቸው የሚያስገነዝበን፣ ወንጌልን በሬዲዮ ማስተላለፍ ብቻ እንደማይበቃ ነው፤ መገናኛ ብዙኃን የፈጠሩት አዲስ አነጋገርና አዲስ አስተሳሰብ ራሱ ባህል ስለ ሆነ፣ ወንጌል ወደዚያ ባህል መግባት አለበት።

በአገራችን ለውጡን በቤት ውስጥ ልናየው እንችላለን። በቀድሞው ዘመን ማታ በእሳቱ ዙሪያ የሚናገሩት አያቶች ነበሩ፤ ተረቱም፣ የዘር ሐረጉም፣ ጸሎቱም ከእነርሱ አፍ ይሰማ ነበር። ሬዲዮ ሲመጣ አዲስ ድምፅ ገባ፤ ነገር ግን ጎረቤት ተሰብስቦ በአንድነት ይሰማው ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌቪዥንም ለብዙ ዓመት ጎረቤትን በአንድ ቤት የሚሰበስብ ነበር። የዛሬው የእጅ ስልክ ግን ለየብቻ ይታያል። በአንድ መደብ ላይ የተቀመጡ አራት ሰዎች በአራት ዓለም ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። ይኸው ስልክ ደግሞ በዓረብ አገር ለሥራ የሄደችን እኅታችንን ከእናቷ ጋር በየሳምንቱ የሚያገናኝ፣ የቀብርና የሠርግ ጥሪ የሚያደርስ፣ ለተማሪው መጽሐፍ የሚሆን መሣሪያ ነው። ስለዚህ «ስልክ መጥፎ ነው» ወይም «ስልክ መልካም ነው» የሚል ፍርድ አያስተምረንም። ጥያቄው ማን፣ መቼ፣ ከማን ጋር፣ ለምን ይጠቀምበታል የሚለው ነው።

ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልንና፣ ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 ዓ.ም. ለዓለም አቀፍ የመገናኛ ቀን ባስተላለፏቸው መልእክቶች መጀመሪያ መጥቶ ማየትን፣ ቀጥሎም በልብ ጆሮ መስማትን አስተምረዋል። የማኅበራዊ ጥናት መንፈስ ከእነዚህ ከሁለቱ የራቀ አይደለም።

5. የጥናት ወሰን

ጥናትን ስናመሰግን ወሰኑንም እናውቅ ዘንድ ይገባል። ሙሴ የከነዓንን ምድር እንዲሰልሉ አሥራ ሁለት ሰዎችን ላከ (ዘኁ. 13)። አርባ ቀን አንዱን ምድር ተመለከቱ፤ አንዱን ፍሬ ተሸክመው ተመለሱ። አሥሩ ግን ከፍርሃት የተነሣ ሕዝቡን ተስፋ አስቈረጡ፤ ኢያሱና ካሌብ በእግዚአብሔር ታምነው መልካም ተስፋን ተናገሩ። ያዩት ነገር አንድ ሲሆን ፍርዳቸው ተለያየ። ቍጥር ብቻውን አይናገርም፤ የሚያነበው ሰው ልብ አብሮ ይናገራል።

ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ በዚያው በ1971ዱ መልእክታቸው ስለ ሰው የሚያጠኑ ሳይንሶች እያንዳንዳቸው የሰውን አንድ ወገን ብቻ እንደሚይዙ፣ ምሉዕ ሰውን ግን ሊጨብጡ እንደማይችሉ አሳስበዋል። ደግሞም ብዙ ሰው አንድን ነገር ስላደረገ ያ ነገር ትክክል አይሆንም። ጥናት ሰዎች የት እንደ ቆሙ ይነግረናል፤ ወዴት መሄድ እንደሚገባቸው የሚነግረን ግን ወንጌል ነው።

6. በቁምስናችን እንዴት እናድርገው?

ይህን ለመጀመር ታላቅ ገንዘብ ወይም ታላቅ ሊቅ አያስፈልግም። አንድ ደብተር፣ ሁለት ወይም ሦስት ትጉሃን ካቴኪስቶችና ትዕግሥት ይበቃሉ። የሚከተሉትን እንመክራለን፦

ሀ) ጥያቄውን ማጥበብ። «የወጣቱ ችግር ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ «ቍርባን የተቀበሉ ልጆች ከስንት ዓመት በኋላ ከእሑድ ትምህርት ይቀራሉ? ስለ ምን?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ለ) የቀሩትን መጠየቅ። በእሑድ ቅዳሴ የተገኙትን ብቻ ብንጠይቅ ያልተገኙት ስለ ምን እንደ ቀሩ አናውቅም። ወደ ገበያው፣ ወደ ወንዙ፣ ወደ ሥራ ቦታው መውረድ ያስፈልጋል።

ሐ) ጠያቂውን መምረጥ። ወጣትን ወጣት፣ እናቶችን እናት ቢጠይቁ መልሱ የተገለጠ ይሆናል። ለካህኑ የማይነገር ለእኩያ ይነገራል።

መ) የሰውን ገመና መጠበቅ። ስም አይጻፍ፤ የተሰማው በስብከት ላይ ምሳሌ ሆኖ አይውጣ። አደራው አንድ ጊዜ ከፈረሰ ሁለተኛ የሚናገር አይገኝም።

ሠ) ግምታችንን የሚቃረነውን መልስ መውደድ። አንድ ካቴኪስት ልጆቹ የቀሩት ስልክ አታልሏቸው ነው ብሎ አምኖ ቢጠይቅና፣ የትምህርቱ ሰዓት ከብት ውኃ ከሚጠጣበት ሰዓት ጋር የተጋጨ ሆኖ ቢያገኘው፣ ይህ መልስ ከመቶ ስብከት ይበልጣል። ሰዓቱን ለመለወጥ አንድ ቀን ይበቃልና።

ረ) የተገኘውን ለሕዝቡ መመለስ። በ1964ቱ ጥናት የጐደለው ይህ ነበር። «እንዲህ አላችሁን፤ እኛም እንዲህ ተረዳነው፤ ተሳስተን ይሆንን?» ብሎ በቁምስና ጉባኤ ማቅረብ ያስፈልጋል። ከዚያም በአንድነት በወንጌል ብርሃን መፍረድና አንድ ተግባር መምረጥ ይገባል። ማየት፣ መመዘን፣ መሥራት የተባለው፣ በካርዲናል ዮሴፍ ካርዲን የተስፋፋውና ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1961 ዓ.ም. በማኅበራዊ መልእክታቸው የተቀበሉት መንገድ ይኸው ነው።

በኢትዮጵያ የካቶሊክ ምእመናን ቍጥር ከሕዝቡ አንድ በመቶ የማይሞላ ነው። ይህች ትንሽ መንጋ በትምህርት ቤቶቿ የብዙ ሌሎችን ልጆች ታስተምራለች። የሌሎችን ልጅ በአደራ የተቀበለ፣ የራሱንም ልጅ ማጣት የማይፈልግ ሁሉ መጠየቅን ሊያፍርበት አይገባውም። ጌታችን ራሱ በአሥራ ሁለት ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውና ሲጠይቃቸው ተገኝቷል (ሉቃ. 2፥46)። ጥበብ ሁሉ የእርሱ የሆነ ጌታ ከሰማና ከጠየቀ፣ እኛማ እንዴት አብልጠን! «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንደሚባለው፣ ልጆቻችን ገና በደጃችን ሳሉ እንጠይቃቸው፤ መልሳቸውንም በትዕግሥት እንስማ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን «ሁሉም ያውቀዋል» ብለን የምንናገረው፣ ነገር ግን ጠይቀን የማናውቀው ነገር የትኛው ነው?

2. በቤታችን ማታ ማታ የሚናገረው ማን ነው? የሚሰማውስ ማን ነው? ይህ ከአያቶቻችን ዘመን በምን ተለወጠ?

3. ወላጆችና ልጆች ቃለ እግዚአብሔርን በየትኛው ቋንቋና በየትኛው ፊደል አብረው ሊያነቡ ይችላሉ? ለዚህ ምን ማድረግ እንችላለን?

4. ከእሑድ ትምህርት የቀሩትን ሦስት ልጆች በዚህ ወር ማን ሄዶ ይጠይቃቸዋል?

እግዚአብሔር መንፈስ ቅዱስ የሚያስተውል ልብና የሚሰማ ጆሮ ለሁላችን ይስጠን። አሜን።